ለልጆቻችን የትኛውን አስፈሪ ታሪክ እንምረጥ? ጉዝበምፕስን፣ ዘመዶቹንና የምድጃ ዳር ተረትን የሚያነጻጽር መመሪያ

በክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው፣ መብራት ጠፍቶም ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ሲሰበሰብ፣ ልጆች «የሚያስፈራ ታሪክ ንገሩን» ማለታቸው አይቀርም። ደብረ ማርቆስ ላደግን የዛሬ ወላጆች ይህ ጥያቄ ሁለት ትዝታ ይቀሰቅሳል። አንዱ አያቶቻችን ምድጃ ዳር ተቀምጠው ያወሩልን የጭራቅና የአያ ጅቦ ተረት ነው። ሌላው ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እየገዛን፣ ከጓደኛ እየተዋስን፣ ሽፋኑ እስኪላላጥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ያዞርነው ጉዝበምፕስ የተባለው የእንግሊዝኛ ተከታታይ መጽሐፍ ነው። ስሙ ሰው ሲፈራ ወይም ሲበርደው ቆዳው ላይ ችፍ የሚለውን ነገር ያመለክታል፤ እኛ «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» የምንለው ነው።

እነዚያን መጻሕፍት ዛሬ ለልጆቹ ሊሰጥ የሚፈልግ ወላጅ ግን በቀላሉ ግራ ይጋባል። በአንድ ስም የወጡት ተከታታዮች ብዙ ናቸው፤ በዚያው ደራሲ ስም የተጻፉ ነገር ግን ለሕፃናት የማይሆኑ መጻሕፍትም አሉ፤ የቴሌቪዥን ፊልሙም ስልክ ላይ ይገኛል። በዚህ ላይ «ከውጭ የመጣውን ትተን የራሳችንን ተረት ብንነግራቸውስ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ከልጆቼ ጋር ሆኜ አብዛኞቹን እንደገና ስላነበብኳቸው፣ ያየሁትን በመመዘኛ አስቀምጬ ላካፍል ወደድኩ።

መመዘኛዎቹ

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ አጨራረስ ነው፤ ታሪኩ ሲያልቅ ፍርሃቱም አብሮት ያልቃል ወይ? የእኛ ተረት ለዚህ የራሱ በርና መዝጊያ አለው። ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ሲከፍት ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል፤ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ጭራቁ የቱንም ያህል አስፈሪ ቢሆን ከዚያች ቃል አልፎ አይመጣም፤ ዳቦ ሲነሣ ልጁ ወደ ቤቱ፣ ወደ እናቱ ጎን ተመልሷል። የእንግሊዝኛው ተከታታይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰው በተቃራኒው ነው፤ ችግሩ ሁሉ ተፈትቶ ሰላም ከወረደ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ላይ አዲስ አደጋ ብቅ ይልና መጽሐፉ እዚያው ያበቃል። ደፋር ልጅ ይህን ይወድደዋል፤ ብቻውን የሚተኛ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ያን ክፍት በር ይዞ ወደ አልጋው ይሄዳል።

ሁለተኛው መመዘኛ ፍርሃቱ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ስለ ቡዳ የሚነገሩት ወሬዎች በእኛም አገር በሌላውም የሚኖሩ እውነተኛ ሰዎችን ይነካሉ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ የሚታሙት አብዛኛውን ጊዜ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ አልፊዎችና ሸማኔዎች ናቸው። ልጁ በማለዳ እንጀራ የሚበላበት ምጣድ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና የእነዚሁ ሰዎች የእጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ማታ በዚያው ቤት ስለ እነርሱ ተነግሮት ሲያድግ በማግሥቱ ገበያ ላይ ሴትዮዋን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ይህን ዓይነቱን ወሬ ከዚህ ንጽጽር ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ፤ እንደ አማራጭም አልቆጥረውም። «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣልህ» የሚለውንም ማስፈራሪያ እንዲሁ ትቼዋለሁ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ ስላልሆነ ልጁ የሚወጣበት በር የለውም።

ሦስተኛው የቋንቋ ክብደት ነው፤ ልጁ እንግሊዝኛውን ራሱ ማንበብ ይችላል ወይስ አዋቂ አጠገቡ መቀመጥ አለበት? አራተኛው ወጪና በአካባቢያችን የመገኘት ነገር ነው። በስተመጨረሻ የልጁን ሁኔታ እንይ። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ተኩስ እየሰሙ ያደሩ፣ ሰው ያጡ ልጆች አሉ። በድንጋጤ ላይ ላለ ልጅ ከዚህ በታች ካሉት አብዛኞቹ አይሆኑም፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚሆነውን በምክሩ ክፍል እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ጉዝበምፕስ

ደራሲው አር. ኤል. ስታይን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወለደ። አስፈሪ ታሪክ ከመጻፉ በፊት ለልጆች የቀልድ መጻሕፍት ይጽፍ፣ የቀልድ መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። ይህን ማወቅ መጻሕፍቱን ለመረዳት በእጅጉ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አሠራራቸው የቀልድ አሠራር ነው። ቀልድ ሰሚውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስደውና በመጨረሻዋ ቃል ይገለብጠዋል፤ የስታይን ምዕራፎችም እንዲሁ በጩኸት ያበቃሉ፤ ከጨለማው አንድ እጅ ወጥቶ የልጅቷን ትከሻ ጭምድድ ያደርጋል፤ ገጹን ስትገልጡ እጁ የታናሽ ወንድሟ ሆኖ ይገኛል። በአዋቂ ዓይን ሲነበብ ይህ ብልሃት በየምዕራፉ መደጋገሙ ጎልቶ ይታያል። ልጆቼ ግን በአምስተኛው ጊዜም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ጮኸው፣ ወዲያው ደግሞ ከት ብለው ሳቁ። ፍርሃትና ሳቅ እንዲህ ተከታትለው መምጣታቸው ለልጅ ትልቅ እረፍት ነው፤ የተከታታዩም ዋና ጥንካሬ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 በስኮላስቲክ አሳታሚነት የወጡ 62 መጻሕፍትን ይይዛል። እያንዳንዱ 120 ገጽ ገደማ ሲሆን ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዐረፍተ ነገሮቹም ቀላል ናቸው። ተራኪው ወይም ዋናው ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ የሚነግራቸውን አያምኑትም። የቲም ጃኮበስን የሽፋን ሥዕሎች ያየ ሰው አይረሳቸውም፤ ርእሱ ላይ እጅ ሲያርፍ ፊደሎቹ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላሉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ጨለማ ውስጥ መጽሐፉን በጣታችን ዳሰን እንለየው ነበር።

መጻሕፍቱ በፍርሃት መጠን እኩል ስላልሆኑ ሁሉንም በአንድ ላይ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ማለት አይቻልም። በቁጥር የመጀመሪያ የሆነው «ዌልካም ቱ ዴድ ሐውስ» ከከባዶቹ አንዱ ነው። አንድ ቤተሰብ ወደ አዲስ ከተማ ይዛወራል፤ የከተማው ሰዎች ሙታን ሆነው ይገኛሉ፤ የልጆቹ ውሻ ይሞታል። ከቁጥር አንድ መጀመር ያለ ነገር ቢመስልም እዚህ ላይ አይመከርም። «ዘ ጎስት ኔክስት ዶር» ደግሞ አስፈሪ ከመሆን ይልቅ አሳዛኝ ነው፤ ሃና የተባለችው ልጅ ጎረቤቷን የሙት መንፈስ ነው ብላ ስትጠረጥር ቆይታ በእሳት ቃጠሎ የሞተችው ራሷ መሆኗን ትደርስበታለች። በግሌ ከሁሉ አብልጬ የምወድደው ይህን መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም ሐዘን ላለበት ቤት አይገባም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ልጅ የሚሻሉት «ሰይ ቺዝ ኤንድ ዳይ!» እና «ዘ ስኬርክሮው ዎክስ አት ሚድናይት» ናቸው። የመጀመሪያው ገና ያልደረሰ አደጋ ስለሚያሳይ ካሜራ ነው። ፎቶው ከካሜራው ራሱ ወዲያውኑ ስለሚወጣ በስልክ ፎቶ ያደገ ልጅ መጀመሪያ ነገሩን ማስረዳት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ግን ለእኛ አገር ልጅ ምንም ማብራሪያ አይሻም። ሁለት ልጆች አያቶቻቸው እርሻ ላይ ሊከርሙ ይሄዳሉ፤ በቆሎው መካከል የቆሙት የወፍ ማስፈራሪያዎች ሌሊት መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። በደንበጫም ሆነ በቡሬ በኩል፣ በቆሎው እሸት በደረሰ ጊዜ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ዝንጀሮና ወፍ የጠበቀ ልጅ ያንን ቦታ ያውቀዋል። አሮጌ ካፖርት የለበሰው የእንጨት ሰው በምሽት ነፋስ እጁን ሲያወዛውዝ እኔም አይቻለሁ። መጽሐፉ ኦሃዮ ውስጥ ያደገ ሰው የጻፈው ቢሆንም፣ የበቆሎው ቅጠል ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ የእኛው ማሳ ነው።

ስለ «ዘ ሆንትድ ማስክ» ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን በተከታታዩ ቁጥር 11 ነው። ካርሊ ቤዝ የተባለች በቀላሉ የምትደነግጥ ልጅ፣ ሲያሾፉባት የኖሩትን ወንዶች ለማስፈራራት አንድ አስቀያሚ ጭምብል ገዝታ ታጠልቃለች፤ ጭምብሉም ከፊቷ ጋር ተጣብቆ አልወልቅ ይላታል። ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከቤት ቤት ስለሚዞሩበት የአሜሪካኖች በዓል ማብራራት ሲያስፈልገኝ ቡሄን አነሣሁ፤ በዓሉም ትርጉሙም የተለያየ ቢሆንም፣ ልጆች በቡድን ሆነው በየደጁ እየቆሙ የሚሰጣቸውን የሚቀበሉበት መሆኑን ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የሰበሰበ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ካርሊ ቤዝን ከጭምብሉ የሚያድናት እናቷ በጄሶ የሠራችላት የራሷ የፊት ምስል ነው፤ ቀድሞ ያፈረችበት ስጦታ የፍቅር ምልክት ሆኖ ጭምብሉን ያስለቅቀዋል።

ይህን መጽሐፍ ከወንድሜ ጋር አንድ ጋቢ ተከናንበን፣ በባትሪ ብርሃን፣ እርሱ እያነበበ እየተረጎመልኝ ነው የጨረስነው። ከውጭ ጅብ ሲጮኽ ሁለታችንም ጸጥ ብለን ቆየን፤ ከዚያ ወንድሜ ባትሪውን አጠፋና «እማዬ አለች፣ አይዞህ» አለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለልጄ ሳነብላት ስለ ጄሶው ምስል የሚያወራው ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። በልጅነቴ ያየሁት ጭምብሉን ብቻ ነበር፤ እናትየዋን ያየኋት አሁን ነው። እንግዲህ እነዚህን መጻሕፍት ደግሞ ማንበብ ለወላጁም የሚሰጠው ነገር አለው።

በአንድ ስም የወጡ ሌሎች ተከታታዮች

ሲገዙ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ «ሲሪስ 2000»፣ ከ2008 ጀምሮ «ሆረርላንድ»፣ ከ2017 ጀምሮ «ስላፒወርልድ» የሚሉ ተጨማሪ ስሞች ያላቸው መጻሕፍት ወጥተዋል። ስላፒ ባለቤቱ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የሚያናግረው ክፉ የእንጨት አሻንጉሊት ነው። የድሮዎቹ መጻሕፍት በድጋሚ ሲታተሙ «ክላሲክ» የሚል ቃል ተጨምሮባቸዋል፤ ቁጥራቸውም ተለውጧል። ስለዚህ በቁጥር ሳይሆን በርእስ መፈለግ ይሻላል። በኋላ የመጡት መጥፎ አይደሉም፤ ትዝታችንን የሚያገናኙን ግን እነርሱ አይደሉም።

አንባቢው ራሱ መንገዱን የሚመርጥባቸው «ጊቭ ዮርሰልፍ ጉዝበምፕስ» የተባሉት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የወጡ ሲሆን፣ አንዱ መጽሐፍ ብቻ ከ20 በላይ አጨራረስ አለው። «በሩን ከከፈትህ ወደዚህ ገጽ፣ ከሸሸህ ወደዚያ ገጽ ሂድ» እያሉ ልጁን ስለሚያንቀሳቅሱት ለሰነፍ አንባቢ ግሩም ናቸው። ሦስትና አራት ልጆች አንድ ላይ ሆነው እየተከራከሩ ሲያነቡት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሳቅ ያለበት ይህ ነው። ችግሩ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ገጽ የጎደለባቸው መሆናቸው ነው፤ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ገጽ ሲጎድል አንድ መንገድ ይዘጋል። ከመግዛት በፊት ገጹን አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል።

«ፊር ስትሪት» የሚል ርእስ ያለውን ግን ለሕፃን አትግዙ። ደራሲው ያው ስታይን ነው፤ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ሲሆን የተጻፈው ለጎረምሶች ነው፤ ግድያ አለበት። ሻጮች በደራሲው ስም ብቻ አንድ ላይ ስለሚደረድሩት በቀላሉ ይሳሳቱበታል።

በጨለማ የሚነገሩ አጫጭር ታሪኮች

አልቪን ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1981፣ በ1984 እና በ1991 ያሳተማቸው ሦስት የአስፈሪ ታሪኮች ስብስቦች «ስኬሪ ስቶሪስ ቱ ቴል ኢን ዘ ዳርክ» በሚለው ስም ይታወቃሉ። ሽዋርትዝ የራሱን ፈጠራ አልጻፈም፤ የአሜሪካን ሕዝብ አፈ ታሪክ ሰብስቦ ሁለትና ሦስት ገጽ በምትሆን ቋንቋ አስቀመጠው፤ በመጽሐፉ መጨረሻም ምንጮቹን ዘርዝሯል። እንደ እኛ ተረት አፍ ለአፍ ለመነገር የተሠሩ ስለሆኑ አንዳንዶቹ ላይ ተራኪው በመጨረሻ ድንገት ጮኾ አጠገቡ ያለውን ሰው እንዲይዝ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ቀላል፣ ታሪኩ አጭር በመሆኑ ለመተርጎም ከሁሉም ይመቻል።

የሚከብደው የስቴፈን ጋሜል ሥዕል ነው። በቀለም ውኃ የተነከረ የሚመስለው ያ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ከታሪኩ ይበልጥ ያስፈራል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እንዲነሣ በብዛት ከተጠየቀባቸው መጻሕፍት የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል። እኔ በበኩሌ ታሪኩን ለልጆች ነግሬ ሥዕሉን አላሳያቸውም፤ ሥዕል ዓይን ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር «ተረቴን መልሱ» ቢባልም አይመለስም።

የቴሌቪዥኑ ፊልም

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 የተላለፈው የጉዝበምፕስ ተከታታይ ፊልም አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጭራቆቹ የላስቲክ ልብስ የለበሱ ሰዎች መሆናቸው ለዛሬ ልጅ ዓይን ግልጽ ስለሆነ ከመጽሐፉ ያነሰ ያስፈራል። ለበይነ መረብ የሚከፈለው ገንዘብና የመብራቱ መቆራረጥ አለ። ዋናው ጉድለቱ ግን ልጁ በራሱ ሐሳብ የሚስለውን ጭራቅ ሌላ ሰው ስሎ የሚሰጠው መሆኑ ነው።

የምድጃ ዳር ተረት

አያቴ እንዝርት እያሾረች ነበር ተረት የምትነግረን። መንገድ የሳቱ ልጆች ጭራቅ ቤት ያድራሉ፤ ጭራቁ ከደጅ ሲገባ «ሰው ሰው ይሸተኛል» ይላል። ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርገዋለች፤ እንዝርቱም ይቆማል። ያን ጊዜ እኛ የምናዳምጠው የእንዝርቱን ዝምታ ነበር። ታናሽቱ ልጅ በብልሃት ወንድሞቿን ይዛ ስታመልጥ እንዝርቱ እንደገና መሾር ይጀምራል።

ይህ አማራጭ በመጀመሪያው መመዘኛ የሚወዳደረው የለም፤ በሁለተኛውም ቢሆን ጭራቅ የማንም ጎረቤት ስላልሆነ ማንንም አይጎዳም። ወጪ የለውም፤ መብራት አይፈልግም፤ ገና ያላነበበ የአምስት ዓመት ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት እኅቱ ጋር እኩል ይሰማዋል። ተራኪው የልጆቹን ፊት እያየ ስለሚናገር፣ አንዱ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ጭራቁን ቶሎ እንዲተኛ ማድረግ ይችላል፤ ይህን የትኛውም መጽሐፍ አያደርገውም።

ጉድለት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ብዙዎቻችን የምናውቀው አምስት ወይም ስድስት ተረት ብቻ ነው፤ ሲደጋገም ልጆች መጨረሻውን ቀድመው ይናገራሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ራሳቸውን የሚያዩበት፣ ትምህርት ቤትና ጓደኛ ያለበት ታሪክ ይሻሉ። ንባብንም በቀጥታ አያለማምድም። ባለ አያት ቤት ያላችሁ ግን ሌላውን አማራጭ ከማሰባችሁ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ተረቶቹን በስልክ ድምፅ መቅጃ አስቀሩ፤ ይህን ሳላደርግ አያቴ ማለፏ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ መንገር

የቀረው አማራጭ ወንድሜ ሳያውቀው ያስተማረኝ ነው፤ ወላጁ ወይም ታላቅየው ምዕራፉን ቀን በእንግሊዝኛ ያነብና ማታ በራሱ አማርኛ ይነግራል። ድካሙ በአዋቂው ላይ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሁለቱን ዓለም መልካም ነገር ማገናኘቱ ነው። አዲስ ታሪክ ከመጽሐፉ ይገኛል፤ መዝጊያው ከተረት ይመጣል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቅ የሚለውን አዲስ አደጋ ለትልልቆቹ ይነግራል፣ ለትንሹ ይተወዋል፤ ከዚያም «ተረቴን መልሱ» ብሎ ይዘጋል።

ስትተረጉሙ የልጆቹን ስም አትለውጡ፤ ካርሊ ቤዝ ካርሊ ቤዝ ሆና ብትቀር ፍርሃቱ ሩቅ አገር ይቀራል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እጅግ መጠንቀቅ ይገባል። «ዘ ዌርዎልፍ ኦፍ ፊቨር ስዋምፕ» የተባለው መጽሐፍ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ተኩላ ስለሚሆን ሰው ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስነግረው ተኩላውን ትቼ «ጅብ የሚሆን ሰው» ማለት ቀለለኝ፤ ከልጆቹ አንዱ ወዲያው «እንደ እገሌ?» ብሎ የአንድ ባለሙያ ጎረቤታችንን ስም ጠራ። ከዚያች ቃል በኋላ ታሪኩን አቁሜ ረጅም ሰዓት ስለዚያ ሰው ማንነት፣ ስለ ሥራውና ስለ ሐሜቱ ሐሰትነት መነጋገር ነበረብኝ። ተኩላው ተኩላ ሆኖ ይቅር፤ ጅብ በእኛ ዘንድ የተሸከመው ሌላ ሸክም አለ።

አማራጮቹ በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የፍርሃት መጠን | አጨራረስ | የቋንቋ ክብደት | ወጪ | የሚስማማው ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመጀመሪያው ጉዝበምፕስ | መካከለኛ፤ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል | አብዛኛው ክፍት | መካከለኛ እንግሊዝኛ | የአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ | ከ9 እስከ 12 |
| መንገድ የሚመረጥባቸው | ዝቅተኛ | ብዙ፤ ጥሩም መጥፎም | ቀላል እንግሊዝኛ | የአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ | ከ10 እስከ 12 |
| የሽዋርትዝ ስብስቦች | ከፍተኛ፤ በተለይ በሥዕሉ | ድንገተኛ | ቀላል እንግሊዝኛ | ከውጭ ማስመጣት ሊጠይቅ ይችላል | ከ11 በላይ |
| የቴሌቪዥኑ ፊልም | ዝቅተኛ | ክፍት | ፈጣን ንግግር | በይነ መረብና መብራት | ከ8 እስከ 12 |
| የምድጃ ዳር ተረት | ተራኪው ይመጥነዋል | ዝግ | የለም | የለም | ከ5 በላይ |
| አንብቦ በአማርኛ መንገር | ተራኪው ይመጥነዋል | ተራኪው ይዘጋዋል | በአዋቂው ላይ ብቻ | አንድ መጽሐፍ | ከ7 በላይ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለማውጣት ለማይመቸው፣ ወይም ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለሚበዙበት ቤት ተረቱ ይበቃል። የምታውቋቸው ተረቶች ቢያልቁባችሁ ጎረቤትን ጋብዙ፤ ከሞጣ የመጣ ሰውና ከዳንግላ የመጣ ሰው አንዱን ተረት በሁለት መንገድ ሲነግሩት መስማት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው።

የአንድ አሮጌ መጽሐፍ ዋጋ ማውጣት የሚችል ደግሞ «ዘ ስኬርክሮው ዎክስ አት ሚድናይት»ን ወይም «ዘ ሆንትድ ማስክ»ን ፈልጎ በአማርኛ ይንገር። ሁለቱም ከጠፉ «ሰይ ቺዝ ኤንድ ዳይ!» ይሆናል። በየምሽቱ አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ ከተነገረ መጽሐፉ ለሁለት ሳምንት ይበቃል።

እንግሊዝኛ ማንበብ ለጀመረና መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ለሚሰለቸው ልጅ መንገድ የሚመረጥባቸውን እመክራለሁ፤ ከጓደኛ ጋር ሆኖ ያንብብ። በንባብ ለጠነከረ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ሲመጣ ከመጀመሪያዎቹ 62 ውስጥ አምስት ስድስት መርጦ ማስመጣት ተገቢ ነው፤ ዝርዝሩን በርእስ እንጂ በቁጥር አትላኩ። ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚገዛ ሰውም እነዚሁን ቢያስቀድም ይሻላል፤ የሽዋርትዝን ስብስብ ግን ከመደርደሪያው ይልቅ በመምህሩ እጅ ያስቀምጠው።

ድንጋጤ ላይ ላለ ልጅ፣ ሐዘን ላይ ላለ ቤትም አስፈሪውን ሁሉ ለጊዜው ማቆየት ይበጃል። ጭራቅ የሌለበት፣ እመት ጦጢት አያ ጅቦን የምታታልልበት የሚያስቅ ተረት ይነገር፤ ልጁ ራሱ «የሚያስፈራውን ንገሩኝ» ብሎ ሲጠይቅ ያን ጊዜ መጀመር ይቻላል። የጠየቀውንም ቢሆን በመጀመሪያው ምሽት አጭር ማድረግና ከጎኑ ተኝቶ ማደር ያስፈልጋል።

ስለ «ዘ ሆንትድ ማስክ» አጨራረስ አንድ ነገር ልጨምር። በመጨረሻው ገጽ የካርሊ ቤዝ ታናሽ ወንድም ጭምብሉን ራሱ አጥልቆት ይመጣል። ለልጄ ስነግራት ይህን ልተወው ወይስ ልንገራት ብዬ አመነታሁና ነገርኳት። ዝም ብላ ቆይታ «አባዬ፣ አሁን ጭምብሉ የት ነው?» አለችኝ። «መጽሐፉ ውስጥ» አልኳት። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለች፤ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው፤ ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳስቀምጠው ሰጠችኝና «በል፣ ተረቴን መልሱ በል» አለች። እናቷ ከመሶቡ የቈረሰችላትን ዳቦ በልታ ተኛች።